መልስ፦ የድፎ ሊጥ ደሴ ላይ ኩፍ አልል ስላለዎት

ኮምቦልቻ ሳሉ በሁለት ሰዓት ኩፍ ይል የነበረው ሊጥ፣ ደሴ ከተዛወሩ ወዲህ ለእንቁጣጣሽ እንዳልደረሰልዎት ጽፈው፣ ጥፋቱ የእርሾው እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ጥፋቱ የብርዱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በተለይ ክረምቱ ገና ጨርሶ ባልወጣበት በመስከረም መባቻ ሌሊት እርሾው ሥራውን ያዘገያል እንጂ አልሞተም። ስለዚህ እርሾ ከመጨመር ይልቅ ጊዜ ይጨምሩ። እኔ ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ አድርጌ፣ በዋዜማው ማታ በለብታ ውሃ አቡክቼ፣ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በጣትዎ ሲጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ወዲያው ከተመለሰ ግን ገና ነው።

ኮባ ሲጠፋ ጋዜጣ ማንጠፍ ይቻል እንደሆነ ላነሡት፣ አይቻልም፤ ቀለሙ ወደ ዳቦው ይገባል፣ ወረቀቱም ከላይና ከታች በሚነደው እሳት ይያያዛል። ኮባው ካገኙትና ከደረቀብዎት፣ እሳት ላይ ለብለብ ቢያደርጉት ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል።

ለልጆቹ የወረቀት አደይ ከባድ አይደለም። ከቢጫ ወረቀት 8 ቅጠል ቆርጠው፣ ከዱቄቱ ጥቂት በውሃ አፍልተው እንደ ሙጫ ያጣብቁበታል። የእኔዋ ልጅ ቅጠሉን አብዝታ የሱፍ አበባ አድርጋዋለች።