ቪዲዮውን አይታም «አልነበርክም» የምትለኝ እህቴ

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ታላቅ እህቴ «በቀብሩ ቀን አልነበርክም» ትለኛለች። እኔ ከእድሩ ሰዎች ጋር መቃብር ሳስቆፍር ነበርኩ። የቀብሩን ቪዲዮ አሳይቻት «ይቅር በለኝ፣ ተሳስቻለሁ» ብላኝ ነበር። በወሩ ዘመድ በተሰበሰበበት ደገመችው። ሆነ ብላ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ማመንና ማስታወስ የተለያዩ ናቸው። ቪዲዮው እምነቷን ቀየረው፤ አእምሮዋ ውስጥ ያለውን ትዕይንት ግን አልሰረዘውም። እርማት ከአሮጌው ትውስታ ጎን ይቀመጣል እንጂ አይተካውም። ስትከፋ ደግሞ ቀድሞ የሚመጣላት ለዓመታት የተተረከው ነው።

ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ1986 እ.ኤ.አ. በፈነዳች ማግስት፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰር ተማሪዎች ወሬውን የትና ከማን እንደሰሙ አስጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱ ሲጠየቁ የ11ዱ መልስ ከጻፉት ጋር በምንም አልገጠመም። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲታያቸው እንኳ የቀድሞው ትውስታ አልተመለሰላቸውም። መዋሸታቸው አልነበረም።

እርስዎ ያቀረቡት እርማት ምክንያት ይጎድለዋል። «ነበርኩ» ሲሏት «ታዲያ ለምን አላየሁህም?» የሚለው ሳይመለስ ይቀራል፤ ክፍተቱን አሮጌው ታሪክ ተመልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ እውነቱን ከነምክንያቱ ይንገሯት፦ «እትዬ፣ ከሌሊት ጀምሮ መቃብሩ ጋ ነበርኩ፤ አንቺ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ነበርሽ፤ ለዚህ ነው ያልተያየነው።» ይህ የሚሠራው እንዲያ ከነበረ ብቻ ነው፤ ምክንያት አይፍጠሩ። አብሮዎት የነበረ፣ እሷም የምታምነው የእድር ሰው ካለ እሱም ይንገራት።

በሰው ፊት ከደገመችው «ነበርኩ፤ በኋላ እናወራለን» ብለው ይለፉት። ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር የተሳሳተው ታሪክ ይበልጥ እየተለመደ ይሄዳል። ቪዲዮውንም ደግመው አያውጡት፤ አንዴ አምናለች፣ አሁን የሚያሳፍራት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይጠይቋት፦ አባታችሁን ያስታመመችው ብቻዋን ነበር? ከሆነ «አልነበርክም» የምትለው የቀብሩን ቀን ብቻ ላይሆን ይችላል። እዚያ ላይ የቀረ ነገር ካለ ቪዲዮው አይመልሰውም፤ ይቅርታ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ትዕይንቱ ከአእምሮዋ እስኪጠፋ አይጠብቁ። «እንዲያ ይታየኛል፣ ግን እንዳልሆነ አውቃለሁ» ካለች በቂ ነው፤ ብዙ ጤነኛ ሰዎች እንዲህ ያለ ትውስታ አላቸው። አንድ ጥያቄ ወዲያው ወዲያው የምትደጋግም ወይም የለመደችው መንገድ የሚጠፋት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።