በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ማኅበረ ምእመናን፦ የአንድ የስኮትላንድ አጥቢያ ታሪክ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ፣ በታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኝ የወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን የታሪክ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የኢዮቤልዩ መጽሐፋችንን በማዘጋጀት ላይ እንገኛለን። በኤድንብራ የሚማረው የእኅቴ ልጅ እሑድ እሑድ የሚሄድበት ግሬይፍራየርስ የተባለው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ፣ ሕንጻው በግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ማኅበረ ምእመናን ከ200 ዓመት በላይ ጎን ለጎን ያመልኩበት እንደነበረ ጽፎልኛል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የአጥቢያቸውንስ ታሪክ ይህን ያህል በዝርዝር የሚያውቁት ከምን ተነሥተው ነው? በእኛም ማኅበር በአንድ ወቅት መለያየት ደርሶ ስለነበረ፣ ከኮሚቴያችን ገሚሱ “ይህ በመጽሐፉ አይግባ” ይላል። እነርሱ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደያዙት ብትገልጹልን እናመሰግናለን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያነሡት ጉዳይ ከአንድ ሕንጻ ታሪክ የሚሰፋ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ለመመለስ እንሞክራለን። በመልሳችን የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሬይፍራየርስ ስሙን ያገኘው ቀደም ሲል በቦታው ከነበረው የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ገዳም ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1560 የሮምን ሥልጣን ከሻረና የተሐድሶው እምነት ከጸና በኋላ፣ ንግሥት ሜሪ በ1562 የገዳሙን መሬት ለከተማዋ የመቃብር ስፍራ እንዲሆን ሰጠች፤ በዚያው መሬት ላይ የተሠራው ቤተ ክርስቲያንም በ1620 ለአምልኮ ተከፈተ። በየካቲት 1638 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በስኮትላንድ ላይ ሊጭነው የፈለገውን የአምልኮ ሥርዓት በመቃወም የተዘጋጀው ብሔራዊ ኪዳን መጀመሪያ የተፈረመው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ በኋላ ስኮትላንድን የወረረው የእንግሊዙ የጦር መሪ የክሮምዌል ወታደሮች ሕንጻውን ሰፈር አደረጉት፤ በ1679 ደግሞ በጦርነት የተሸነፉ የኪዳኑ ተከታዮች ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ያለ መጠለያ ለወራት ታሰሩ።

የግድግዳው ነገር የመጣው ግን ከሃይማኖት ክርክር ሳይሆን ከባሩድ ነው። የከተማው አስተዳደር ባሩድ ያከማች የነበረው በቤተ ክርስቲያኑ ማማ ውስጥ ስለነበረ በ1718 ፈንድቶ የሕንጻውን ምዕራባዊ ጫፍ አፈረሰው። የተረፈው ክፍል በግድግዳ ተዘግቶ አገልግሎቱን ሲቀጥል፣ በፈረሰው በኩል ደግሞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ከዚያው ጋር ተያይዞ ተሠራና በ1721 አካባቢ ተከፈተ። የመጀመሪያው አሮጌው ግሬይፍራየርስ፣ ሁለተኛው አዲሱ ግሬይፍራየርስ ተባሉ፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው መጋቢ፣ የራሳቸው ሽማግሌዎችና የራሳቸው መዝገብ ነበራቸው። በጊዜው ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በዚያው ከተማ የሚገኘው ትልቁ የቅዱስ ጊልስ ቤተ ክርስቲያንም ከተሐድሶው ጀምሮ በግድግዳዎች ተከፋፍሎ በርካታ ማኅበረ ምእመናን ያመልኩበት ነበር።

በ1845 የአሮጌው ግሬይፍራየርስ ውስጠኛ ክፍል በእሳት ተቃጠለ። በ1843 የመጣው መጋቢ ሮበርት ሊ ሕንጻው ሲታደስ ባለቀለም የመስታወት መስኮቶች አስገባ፤ ከተሐድሶው ወዲህ በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እንደሆኑም ይነገራል። ምእመናኑ ቆመው እንዲዘምሩና ተንበርክከው እንዲጸልዩ አድርጎ፣ በ1860ዎቹም ኦርጋን አስገባ፤ በዚህ ሁሉ የተነሣ የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ አካል በሆነው በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ብዙ ተከራክሯል። ሁለቱ ማኅበራት በ1929 ተዋሐዱ፤ የመለያው ግድግዳም በ1938 ፈርሶ ሕንጻው እንደገና አንድ ሆነ። በ1979 ደግሞ በኤድንብራ የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ያቀፈ ሌላ ማኅበረ ምእመናን ከግሬይፍራየርስ ጋር ተዋሐደ፤ የጌሊክ አምልኮውንም ይዞ መጣ። በአንድ ግቢ ውስጥ በሲዳምኛና በአማርኛ ተራ በተራ ማምለክን ለለመደ የሐዋሳ ምእመን ይህ ለመረዳት የሚከብድ አይመስለንም። ያ ማኅበር የለቀቀው ባለረጅም ማማ ሕንጻ ከ1999 ጀምሮ የኤድንብራ ፌስቲቫል ማዕከል ሆኗል።

የሌሎቹ አጥቢያዎች መከፈልና መዋሐድ ግን በአብዛኛው ከባሩድ ፍንዳታ አልመጣም። ሥር የሰደደው ምክንያት አንድ ጥያቄ ነው፦ መጋቢውን የሚመርጠው ማን ነው? በ1712 የወጣው ሕግ ይህን መብት ለአካባቢው የመሬት ጌታ ወይም ለዘውዱ መልሶ ሰጠ። ባለጉልቱ በምእመናኑ ላይ የፈለገውን አገልጋይ እንደሚሾም ያህል ነበር። በ1733 ኤቤኔዘር ኧርስኪንና ጓደኞቹ በዚህ ምክንያት ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ተለዩ፤ የተለዩትም በ1747 የከተማ ነዋሪነት መብት የሚያገኙ ሰዎች ስለሚምሉት ቃለ መሐላ ተጣልተው እንደገና ለሁለት ተከፈሉ፤ በ1761 ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ቡድን ወጣ።

ለጠቅላላው ጉዳይ ሁነኛ ማሳያ የሚሆነው የኦክተራርደር አጥቢያ ነው። በ1834 የኪኖል መስፍን ለዚህ አጥቢያ ሮበርት ያንግ የተባለ መጋቢ አቀረበ። ጠቅላላ ጉባኤው በዚያው ዓመት የአባወራዎች አብዛኛው ክፍል ከተቃወመ ሹመቱ ውድቅ እንዲሆን ወስኖ ስለነበረ፣ ከ330 አባወራዎች 287ቱ ተቃውሟቸውን አስመዘገቡ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ግን ፍርድ ቤቱ ለመሬት ጌታውና ለእጩው ፈረደ፤ በ1839ም በለንደን የጌቶች ምክር ቤት ፍርዱን አጸናው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በመንፈሳዊ ጉዳይዋ ከመንግሥት ፍርድ ቤት በላይ ናት ወይስ በታች የሚለው ጥያቄ ሊታለፍ የማይችል ሆነ።

ግንቦት 18 ቀን 1843 በኤድንብራ በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን በተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ተሰናባቹ ሰብሳቢ ዴቪድ ዌልሽ የተቃውሞ ጽሑፍ አንብቦ፣ ለንግሥቲቱ እንደራሴ እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ብዙዎቹም ተከትለውት ወደ ታንፊልድ አዳራሽ በእግር ሄዱና ቶማስ ቻልመርስን ሰብሳቢ አድርገው ነጻ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ወደ 1,200 ከሚጠጉት መጋቢዎች ከ450 በላይ የሚሆኑት ደመወዛቸውንና የመጋቢ ቤታቸውን ትተው ወጡ። ከእነርሱ አንዱ ቀደም ሲል በአሮጌው ግሬይፍራየርስ ያገለገለውና በኋላ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤቶች በመቆርቆር የታወቀው ቶማስ ገትሪ ነው። የወጡት ምእመናን በሜዳና በመንገድ ዳር አመለኩ። በስትሮንቲያን የመሬቱ ባለቤት የመሥሪያ ቦታ ስለከለከላቸው፣ በ1846 ተንሳፋፊ የብረት ቤተ ክርስቲያን አሠርተው በባሕሩ ወሽመጥ ላይ መልሕቅ ጥለው አመለኩበት። እንዲህ ያለውን መሥዋዕትነት ያለ አክብሮት ማንበብ አይቻልም፤ የቀሩትንም ሁሉ እንደ ፈሪ መቁጠር ትክክል አይሆንም፤ ከእነርሱ መካከል አጥቢያውንና ድሆቹን ጥሎ መሄድ ኃጢአት ነው ብለው በቅን ልቡና ያመኑ ነበሩና።

ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሞች አንዱ ከአንዱ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለትና ሦስት ቤተ ክርስቲያኖች ታዩ። የመሬት ጌቶች የመሾም መብት በ1874 ተሰረዘ፤ የነጻው ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው ክፍልና ከቀደሙት መለያየቶች የተወለደው የተባበረው ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1900 ተዋሐዱ፤ ፓርላማው በ1921 ባወጣው ሕግ የቤተ ክርስቲያኗን መንፈሳዊ ነጻነት ካወቀ በኋላ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1929 ታላቁ ውሕደት ተፈጸመ። በአንድ ከተማ የነበሩት ሁለትና ሦስት ማኅበራት ሁሉም የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ሆኑ፤ ከዚያም እየተዋሐዱ ስሞቻቸውን አያያዙ። በ1950ዎቹ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአባላት ቁጥር ዛሬ ከ300 ሺህ በታች ስለወረደም ውሕደቱና የሕንጻ ሽያጩ አሁንም ቀጥሏል። ስለዚህ የአንድን የስኮትላንድ አጥቢያ ታሪክ በሕንጻው ወይም በስሙ ብቻ መከተል ያሳስታል፤ መከተል የሚገባው ሰዎቹንና መዝገባቸውን ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ መልሱ ቃለ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ ኪርክ ሴሽን በተባለ፣ በመጋቢው ሰብሳቢነት በሚመራ የሽማግሌዎች ጉባኤ ይተዳደራል፤ ከእርሱ በላይ የአካባቢውን አጥቢያዎች የሚያስተዳድረው ፕሬስቢቴሪ የተባለ ጉባኤ፣ ከሁሉም በላይ ጠቅላላ ጉባኤው አለ። በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ፍሬ ስለሆነች፣ ይህ የሽማግሌዎች አስተዳደር ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ጸሐፊ የሚመዘግበው ውሳኔን ብቻ አልነበረም። ለየትኛዋ መበለት ስንት ገንዘብ እንደተሰጠ፣ ለቀብር የሚከራየው የአስከሬን መሸፈኛ ጨርቅ ምን ያህል እንዳስገባ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ደመወዝ፣ ሰንበትን የሻረና በዝሙት የተከሰሰ ሰው ጉዳይ፣ ከሌላ አጥቢያ የመጣ ሰው ይዞት የመጣው የምስክር ወረቀት ሁሉ ይጻፍ ነበር። በ1690ዎቹ የደረሰው ጽኑ ረሃብ እንኳ ከእነዚህ መዝገቦች ይነበባል። የድሆች ድጋፍ እስከ 1845 ድረስ በዋናነት የአጥቢያው ኃላፊነት ስለነበረ፣ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም በ1855 ስለተጀመረ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ተራ ሰው የሚያስታውሰው በአብዛኛው የአጥቢያው መዝገብ ነው። መዝገቦቹ ዛሬ በኤድንብራ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ይጠበቃሉ፤ ብዙዎቹም በፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት ይገኛሉ። የእኅትዎ ልጅ ጊዜ ካገኘ ጥቂት ገጾችን ቢመለከት እንመክራለን፤ አንድ ሰዓት ያህል ማንበብ ብቻ ስለ አመዘጋገቡ ከእኛ ማብራሪያ የበለጠ ያስተምረዋል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ከሁሉም ከባድ ነው። እኛ ያለ ማመንታት “ይጻፍ” ከሚሉት ወገን ነን። በስኮትላንድ በ1843 የቀሩትም የወጡትም የየራሳቸውን ቃለ ጉባኤ ጠብቀው ስላቆዩ፣ ከ86 ዓመት በኋላ የተዋሐዱት ልጆቻቸው የሁለቱንም ወገን ምክንያት በየራሳቸው አንደበት ማንበብ ቻሉ። መለያየቱ ከመጽሐፍዎ ቢቀር ወጣቶቹ ከመንገድ ወሬ ይሰሙታል፤ ያኔ ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ ሲናገር ይሰሙታል። አጻጻፉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በመጀመሪያ በቃለ ጉባኤና በደብዳቤ የተረጋገጠውን ከቃል ምስክርነት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከተለዩት ወገኖች በሕይወት ያሉትን ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ የተናገሩትንም ከመታተሙ በፊት አንብባችሁላቸው ያጽድቁት። በዲሲፕሊን የታዩ ሰዎችን ስም አትጥቀሱ፤ ልጆቻቸው በዚያው አጥቢያ ይኖራሉና። ተለይቶ የወጣው ማኅበር የራሱ መዝገብ ካለውም ቅጂው ከእናንተ መዝገብ ጎን እንዲቀመጥ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ይህን ለማድረግ የኢዮቤልዩውን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም።