ሦስቱን ቡርቦን ለመለየት መጀመሪያ የአልኮላቸውን መጠን አቀራርብ

ኢቫን ዊሊያምስ፣ ሜከርስ ማርክ እና ዋይልድ ተርኪ 101 የተባሉትን ቡርቦኖች (የአሜሪካ ውስኪዎች) ቀምሰህ «ሁሉም ያቃጥሉኛል እንጂ ልዩነታቸው አይታወቀኝም» ላልከው፣ ችግሩ ምላስህ ሳይሆን የአልኮሉ መጠን ነው። ጥቁር መለያ ያለው ኢቫን ዊሊያምስ 43 በመቶ፣ ሜከርስ ማርክ 45፣ ዋይልድ ተርኪ ደግሞ 50.5 በመቶ ነው። ብርቱው ሌሎቹን ይሸፍናቸዋል።

1. ከእያንዳንዱ 30 ሚሊ ሊትር ቅዳ። ዋይልድ ተርኪው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ሜከርስ ማርኩ ላይ የማንኪያውን ሩብ ጨምር። ሦስቱም ወደ 43 በመቶ ይጠጋሉ። በረዶ አይግባ፤ ቅዝቃዜ መዓዛውን ያፍነዋል።

2. አፍህን ገርበብ አድርገህ አሽትት።

3. የመጀመሪያዋ ጉንጭ አፍህን ለማላመድ ብቻ ናት፤ ፍርድህን ከሁለተኛዋ ጀምር።

ልዩነቱን ቫኒላና ካራሜል በሚሸተው ጣፋጭነት ውስጥ አትፈልገው። ቡርቦን ሁሉ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ነው፤ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ስለሆነ ያ ጣዕም የጋራቸው ነው። የሚለያያቸው ሁለተኛው እህል ነው። ሜከርስ ማርክ ስንዴ ስለሚገባበት ሲዋጥ ለስላሳ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ራይ የተባለው እህል አለባቸው፤ በተለይ ዋይልድ ተርኪው ከተዋጠ በኋላ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ትኩሳት ምላስ ላይ ይተዋል። ለዋጋው ግን የእኔ ምርጫ ኢቫን ዊሊያምስ ነው።

ከልምድ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምላስ እየደነዘዘ ስለሚሄድ መጨረሻ የተቀመሰው ሁልጊዜ የጣፈጠ ይመስላል። ስለዚህ በዚያው ምሽት አትወስን፤ በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ገልብጠህ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታይ ሌላ ሰው ይቅዳልህ።