ለአጋሮዋ እህት፦ ፕሬድኒሶሎኑን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ

ሰላም እህቴ፣ አላህ ባለቤትሽን ያሽርልሽ። አልሰራቲቭ ኮላይትስ ለሚሉት የአንጀት ቁስለት ፕሬድኒሶሎንና ሰልፋሳላዚን ከጀመረ ወዲህ ፊቱ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ በትንሽ በትልቁ እየተቆጣ «ከዚህስ በሽታው ይሻለኛል፣ ልተወው» እንደሚል ጽፈሻል። ሳነበው የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ሐኪም አይደለሁም። ጅማ የምኖር፣ ባለቤቴን በዚሁ በሽታ ለዓመታት ያስታመምኩ ሴት ነኝ። በሽታው ምን እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯችኋል፤ እኔ ወደ መድኃኒቱ ልግባ።

1. በራሱ እንዳይተወው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። ሰውነታችን ኮርቲዞል የሚባል ነገር በየቀኑ ያመርታል። ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ይህን የሚያመርቱት ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ሥራቸውን ይተዋሉ። መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም እነሱ ቶሎ አይነሱም፣ ሰውየው ባዶውን ይቀራል። ሐኪሞች ከ8 ፍሬ፣ ማለትም ከ40 ሚሊ ግራም ጀምረው በየሳምንቱ አንድ አንድ ፍሬ እየቀነሱ የሚያወርዱት ለዚህ ነው። የባለቤትሽ አወራረድ ሊለይ ይችላል፤ ሐኪሙ በጻፈለት ሂዱ።

2. ሰዓቱን አስተካክሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ጠዋትና ማታ ከፍሎ ይወስድ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ያድር ነበር። ቁጣውም ከዚያው ነው፤ ባልሽ ተለውጦብሽ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። ሐኪሙ ሙሉውን ጠዋት ከቁርስ በኋላ ሲያደርግለት እንቅልፉ እየተመለሰ መጣ። ረመዳን ሲገባም ራሳችን አልወሰንንም፤ ጠይቀን ወደ ሱሑር አዛወረልን። ጨው ቀንሺለት፣ ፊቱንም ሰውነቱንም የሚያሳብጠው አንዱ ጨው ነው። ስኳሩንና ግፊቱን አስለኩ። ለአጥንቱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ካልታዘዘለት ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

3. ወረቀት። በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ የሪፈር ወረቀቱ ቀኑ ከማለፉ በፊት አሳድሱ። ይህን የምለው ከአንጀቴ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መድኃኒት ማደያ መስኮት ላይ ወረቀታችን አልታደሰም ተባለ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው፣ ሰውየው በቀን 4 ፍሬ ላይ ነው ብዬ አስረዳሁ። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስቴሮይድ ለጥቂት ቀን ባይወሰድ ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም መቋረጡ ይሻለዋል፤ ከበዓሉ በኋላ ኑ» አለ። ሐኪሙ እንዳታቋርጡ ብሎናል ስለው «እና እዚያው ሐኪሙ ጋ ሂጂ» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ፊቱን በመስታወት ማየት ያስጠላው ሰው፣ መተው ይሻለዋል የሚል ቃል ከባለ ጋውን አፍ ሲሰማ ምን ይላል? ከውጭ ፋርማሲ ልግዛልህ ብዬ ብለምነው «ባለሙያው ተናግሯል» አለኝ። ፕሬድኒሶሎን እኮ ከመድኃኒት ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው! በበዓሉ ማግስት ጉልበቱ ከዳው። አስመለሰው፣ ሆዱን ቆረጠው፣ ከአልጋ ሲነሳ ዞሮበት ወደቀ። ጎረቤት በሽታው አገርሽቶበት ነው ይላል፤ እኔ ግን ሰገራው ላይ ደም እንደሌለ አይቻለሁ። ባጃጅ ተጠርቶ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ግፊቱ በጣም ወርዶ ነበር። ተረኛዋ ሐኪም የመድኃኒት ደብተሬን አይታ መቼ እንዳቋረጠ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ወዲያው የጎደለውን ኮርቲዞል የሚተካ ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ሰጠችው፣ ግሉኮስ ተተከለለት። በዚያው ሌሊት ዓይኑን ገለጠ። ያ ሰውዬ አንድ ቃል ሲወረውር ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይመስለኝም። በኋላ ሄጄ ነገርኩት፣ የሰማኝ የለም።

ስለዚህ እህቴ ደብተር ያዢ። የመድኃኒቱን ስም፣ በቀን ስንት ፍሬ እንደሚወስድ፣ የጀመረበትንና የቀነሰበትን ቀን ጻፊ። ያን ሌሊት ያተረፈን የእኔ ደብተር ነው፣ ይህን በኩራት ነው የምናገረው። ሁልጊዜም የሳምንት የሚሆን መድኃኒት ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ማስመለስ ከጀመረው ወይም ኃይለኛ ትኩሳት ከያዘው ቤት አትጠብቂ፣ ይዘሽው ሂጂ፤ ስቴሮይድ ላይ እንዳለም ገና በር ላይ ተናገሪ።

ወደ ሰልፋሳላዚኑ ልምጣ፣ እሱን ማንም በደንብ አያስረዳም። ሽንቱ ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጪ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሹ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ሲጨመርና ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። መድኃኒቱ ፎሊክ አሲድ ስለሚያሳንስ እሱም አብሮ ይታዘዛል፤ ካልታዘዘ ጠይቂ። ገላው ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ሳትውይ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ሌላው ነገር ለመጻፍም ያሳፍራል፣ ግን ሴት ለሴት ካልተነጋገርነው ማን ይነግርሻል። ሁለተኛ ልጅ ፈልገን አልመጣ አለን። የባለቤቴ ዘመዶች ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። እኔ ስመረመር፣ መድኃኒት ስቅም፣ ስሜ ቡና በተፈላ ቁጥር ሲነሳ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ባለቤትሽ ምን ይወስዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ሰልፋሳላዚን የወንዱን ዘር ቁጥርና እንቅስቃሴ ይቀንሳል! መድኃኒቱ ሲቆም በሁለትና በሦስት ወር ይመለሳል፣ ዘላቂ አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱን ሲያድሉን ከኖሩት አንዱ እንኳ ይህን አልነገረንም። ሐኪሙ በሜሳላዚን ተካለት። እሱ ውድ ነው፣ ጅማ ሲጠፋም ከአዲስ አበባ በሰው እናስመጣለን፤ ለእሱም በየጊዜው የኩላሊት ምርመራ አለው። ልጃችን ዛሬ ትሮጣለች፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተም ልጅ የምታስቡ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሐሜቱ እስኪመጣ አትጠብቂ።

በኋላ የሰውነትን መከላከያ ወደሚያለዝበው አዛትዮፕሪን ሊያሻግሩት ይችላሉ፣ የእኔንም አሻግረውታል። የዚህኛው ጉዳት በመስታወት አይታይም፤ ነጭ የደም ሴል ያወርዳል፣ ጉበትም ይነካል። መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ ደም ይመረመራል። ደህና ነኝ ብሎ የደም ምርመራውን እንዳይዘል። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ጀርባ የሚወጋ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከያዘው፣ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የእኔ ባል ቡና ነጋዴ ስለሆነ ማስጫው ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ መድኃኒቱ የቆዳ ካንሰርን ዕድል ስለሚጨምር ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ ግድ ሆኗል።

መገጣጠሚያው ሲያመው ዲክሎፌናክ እንዳይወጋ። በየፋርማሲው እንደ ውሃ ነው የሚሰጠው፤ ቁስለቱን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆን ደግሞ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ፓራሲታሞል ይሻላል። ፕሬድኒሶሎኑ ሲጀመር ሰገራው ለትላትል ተመርምሮ እንደሆነም ጠይቂ። እንደ እኛ ባለ አገር ስትሮንጋይሎይደስ የሚባል ሳይታወቅ በአንጀት የሚኖር ትል አለ፤ ስቴሮይድ ሲወሰድ በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ይችላል። ለእኛ አስቀድሞ የመረመረልንን ሐኪም ዛሬም እመርቀዋለሁ።

ፊቱ መቼ ይመለሳል ላልሽው፣ ፍሬው እየቀነሰ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ የባለቤቴ ካቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ድሮው ሆኗል። አሁን በቀን ስንት ፍሬ ላይ እንዳለ፣ ከጀመረ ስንት ሳምንት እንደሆነውና ቀጣይ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። ከዛሬ ጀምሮ አልወስድም ብሎሽ ከሆነ ግን የእኔን መልስ አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ወዳዘዘለት ሐኪም ይዘሽው ሂጂ።