የሸንገን ቪዛ ሬዩኒየን ያስገባል?

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የፈረንሳይ ሸንገን ቪዛ አለኝ። ከፓሪስ ተነሥቼ ሬዩኒየን ያለችውን እህቴን ጠይቄ በፓሪስ መመለስ እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በዚህ ቪዛ አይሞክሩት። ሬዩኒየን በሕንድ ውቅያኖስ ያለች የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም ከሸንገን ክልል (በመካከላቸው ያለ ድንበር ፍተሻ ከሚያዘዋውሩት የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ናት፤ ማርቲኒክ፣ ጓዴሎፕና ማዮትም እንዲሁ። ቪዛዎ ላይ «ቫላብል ፑር» (የሚያገለግለው ለ...) የሚለውን መስመር ያንብቡ፤ «ኤታ ሸንገን» (የሸንገን አገሮች) ብቻ ካለ አየር መንገዱ ገና ፓሪስ ላይ ሊያስቀርዎት ይችላል። «ፍራንስ ቪዛ» ድረ ገጽ ላይ መድረሻዎን ሬዩኒየን ብለው ለብቻው ያመልክቱ።

ብዙዎችን የሚያስቸግረው ግን መመለሻው ነው። ከፓሪስ ሲነሡ ከሸንገን እንደወጡ ስለሚቆጠር ያቺ አንዷ መግቢያ አለቀች ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ሸንገን ይጠይቁ። ደግነቱ፣ ሬዩኒየን የሚቆዩበት ጊዜ በሸንገን ክልል ለመቆየት ከሚፈቀደው 90 ቀን ላይ አይቀነስም።