ሲሞቅ የሚበራው የዘይት መብራት

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 1970 የተሠራ ትሪምፍ ቦንቪል 650 ሞተር ብስክሌት አለኝ። በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ስመለስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ) የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ከታች ያንኳኳል። መካኒኬ የዘይት ፖምፓ (ፓምፕ) ቀይር ወይም ወፍራም ዘይት አድርግ ይለኛል። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉት። ወፍራም ዘይት መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ የተበላ ብሮንዝ (ዘንጉን የሚያቅፍ የብረት ሽፋን) ግን አይመልስም። በሱሉልታ የጠዋት ብርድ ደግሞ ዘይቱ ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። 20/50 ሚኒራል ዘይት ይበቃዎታል።

መጀመሪያ ይለኩ። በታይሚንግ ሽፋኑ (በጥርሶቹ ክዳን) ላይ ያለውን የዘይት ስዊች ፈትተው በቦታው የግፊት ጌጅ ይግጠሙ። ሽፋኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ክሩ የማይገጥም ማያያዣ በግድ ካጠበቁበት ይሰነጠቃል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በጉዞ ፍጥነት ከ65 እስከ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ በሚኒሞ ከ20 እስከ 25 ማሳየት አለበት።

ካነሰ የግፊት መልቀቂያ ቫልቮላውን ፈትተው በነጭ ጋዝ ይጠቡ፤ ቆሻሻ ይዞት ክፍት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የታይሚንግ ሽፋኑን ይክፈቱ። ዘይት ወደ ኮሎው (ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የሚገባው በጫፉ በኩል ነው። እዚያ ያለው ትንሽ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ካለቀ ዘይቱ ቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ጋ ሳይደርስ ወደ ካርተር (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ይፈስሳል። ሽፋኑ በተከፈተ ቁጥር ይቀየር፤ ከንፈሩም ግፊቱ ወዳለበት ይዙር። ሲዘጉ ሲልከን አያብዙ፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ የዘይት መንገድ ይዘጋል።

የእርስዎ ሞተር ግን ስለሚያንኳኳ ነገሩ እዚህ የሚያበቃ አይመስለንም። በዚህ ሞተር ኮሎውን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች በግፊት ዘይት አይቀቡም፤ ሲያልቁ ያጉረመርማሉ እንጂ ግፊት አይጥሉም። ግፊት የሚጥለውም፣ ጭነት ሲበዛበት የሚያንኳኳውም የቢዬላ ብሮንዝ ነው። ስለዚህ ካርተሩ ተከፍቶ ኮሎው በማይክሮሜትር ይለካ። በብሮንዙና በኮሎው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም ኮሎው ሞላላ ከሆነ ሬቲፊካ (በማሽን መላግ) ያስፈልገዋል። ብሮንዙ ተልጎ በ10፣ በ20 ወይም በ30 ሺኛ ኢንች ላነሰ ኮሎ የሚሆን ይገኛል። ክፍተቱን ለማጥበብ ብሎ የቢዬላውን ክዳን የሚሞርድ ባለሙያ ካገኙ ሥራውን አይስጡት።

አሁን አደራ የምንልዎ ነገር፦ ይህ ሞተር ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ደቃቁን ቆሻሻ ኮሎው ሲሽከረከር በውስጡ ወዳለው ቱቦ ይሰበስበዋል። ቱቦው ከሞላ ዘይት ወደ ብሮንዙ አያልፍም። እሱን ሳያጸዱ አዲስ ብሮንዝ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቱቦውን የሚይዘው ከፍላይዊሉ (በኮሎው ላይ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ብሎኖች አንዱ ስለሆነ ብሎኑ ሳይወጣ ቱቦው አይሳብ። ሲመለስ ክሩ በማጣበቂያ ተቀብቶ በ45 ኒውተን ሜትር ይጥበቅ።

ጥያቄ፦ የእኔም ትሪምፍ ሳምንት ከቆመ የዘይት ታንኩ ይጎድላል። ሞልቼ ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ይሸፍነኛል። የፒስተን ሪንግ ልቀይር? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይቀይሩ፤ ታንኩንም አይሙሉ። ዘይቱ አልጠፋም፤ በፖምፓው የኳስ ቫልቮላ ሾልኮ ካርተር ውስጥ ተኝቷል። ከማስነሳትዎ በፊት በካርተሩ የታችኛው ብሎን ያፍስሱት፤ ከዚያ ታንኩን በንጹሕ ዘይት ይሙሉ። ሲነሳ በመመለሻው ቧንቧ ዘይት ወደ ታንኩ ሲመለስ መታየት አለበት፤ ካልታየ ወዲያው ያጥፉት። የፖምፓውን ኳሶች፣ ሞላዎችና መቀመጫቸውን ያጽዱ። አንዳንዶች በዘይት ቱቦው ላይ መዝጊያ ያስገባሉ፤ ሳይከፍቱት ካስነሱ ግን ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)።