26 በመቶ ጭማሪ ለምን እምቢ አሉ? ስለ በረራ አስተናጋጆች ረቂቅ ውል ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሔራዊ ትያትር ጀርባ በተዋስናት ክፍል ውስጥ የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን ነው እዚህ ያሰፈርኩት። ጥሪው ለካቢን ክሩ፣ ማለትም ለበረራ አስተናጋጅ ልጆች ነበር፤ የመጣው ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ሰው ነው። ሥልጠና ላይ ያሉ፣ ከሥራው የወጡ፣ አሜሪካ ልጅ ያላቸው እናቶች፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ሳይቀሩ ነበሩ። እኔ ብዙ ዓመት በርሬ አሁን ማኅበራትን በድርድር አማክራለሁ። ርዕሳችን የአሜሪካና የካናዳ የበረራ አስተናጋጆች ማኅበራት ባለፉት ጥቂት ዓመታት ለአባሎቻቸው ድምፅ ያቀረቧቸው ረቂቅ የኅብረት ስምምነቶች ነበሩ፦ ውስጣቸው ምን ተለወጠ፣ አባላቱስ አንዳንዱን ለምን ጣሉት?

ልጄ ቨርጂኒያ ሆና ዩናይትድ አየር መንገድ ላይ ሆስተስ ናት። ሃያ ስድስት በመቶ ጭማሪ መጥቶላቸው «አንፈልግም» ብለው ጣሉት አለችኝ። ጤና ነው?

ጤና ነው እማማ፣ አይስጉ። ልጅዎ ብቻዋን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 መጨረሻ ድምፁ ሲቆጠር፣ ከ28 ሺህ ገደማ የዩናይትድ አስተናጋጆች 92 በመቶው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ድምፅ ከሰጡት 71 በመቶው ረቂቁን ጥለውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ውላቸው ለድርድር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር። አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ ውል ቀኑ ሲደርስ አይሞትም፤ አዲሱ እስኪፈረም አሮጌው እንዳለ ይቀጥላል፣ ደመወዙም እዚያው ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። እነ ልጅዎ እንግዲህ ወደ አራት ዓመት ገደማ የቤት ኪራዩም አስቤዛውም ሲወጣ፣ በዚያው በድሮው ተመን ነው የበረሩት። 26 በመቶው ወዲያው የሚሰጥ ቢሆንም ለእነዚያ ዓመታት ሲከፋፈል ጭማሪነቱ ይቀርና ማካካሻ ይመስላል።

ለእኔ ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ምክንያት ነው፤ ሰዓቱ። ጭማሪ የሚሰላው በሚከፈልበት ሰዓት ላይ ነው። የማይከፈልበት ሰዓት ላይ 26 በመቶም ጨምሩ መቶ በመቶ፣ ያው ዜሮ ነው። ረቂቁ ለቦርዲንግ፣ ማለትም ተሳፋሪ ለሚገባበት ጊዜ፣ ክፍያ አምጥቶ ነበር፤ በሁለት በረራ መካከል ኤርፖርት ላይ ተቀምጦ ለሚያልፈው ረጅም ጊዜም የሆነ ነገር ነበረው። ብዙዎቹ «አይበቃም» አሉ። እኔም እዚያ ብሆን እምቢ የምል ይመስለኛል። ቢሆንም እምቢታው ዋጋ አለው፤ ድምፁ በወደቀ ማግስት ሁሉም ሰው በዚያው በድሮው ደመወዝ ወደ ሥራው ነው የተመለሰው። ልጅዎ ገንዘብ አጠረኝ ካለች ያንን አስበው ይፍረዱላት።

እትዬ፣ «ቦርዲንግ አይከፈልም» ሲባል በነፃ ነው የሚሠሩት ማለት ነው?

በከፊል። በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ውል ክፍያ የሚቆጠረው በብሎክ ታይም ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ ማለት ነው። የታክሲ ረዳት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ተራ ይዞ እየተጣራ የሚጭንበት ጊዜ ሳይቆጠርለት፣ ጎማው ሲዞር ብቻ ተቆጥሮ ቢከፈለው ብለሽ አስቢው። የሠራሽ ልጅ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ የቀኑ ከባዱ ሥራ ያለው ቦርዲንግ ላይ ነው። የአደጋ ጊዜ ዕቃ ፍተሻ፣ የማይገባ ሻንጣ፣ «ወንበሬ ላይ ሰው አለ» የሚል ተሳፋሪ፣ ጠጥቶ የመጣ፣ ታሞ የመጣ፣ ሁሉም በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ነው።

ኩባንያዎቹ ደግሞ የራሳቸው ክርክር አላቸው፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። «የሰዓቱን ተመን ከፍ ያደረግነው እኮ የምድር ላይ ሥራውንም ቆጥረን ነው» ይላሉ። ችግሩ ይህ አቆጣጠር የሚሠራው በረራው በሰዓቱ ሲነሳ ብቻ መሆኑ ነው። ሲዘገይ ኪሳራው በሠራተኛዋ በኩል ይወድቃል፣ መዘግየቱ በማንም ጥፋት ይሁን።

ይህን መጀመሪያ የነቀነቀው ዴልታ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው። አስተናጋጆቹ ማኅበር የላቸውም፤ ማኅበር ለማቋቋም ቅስቀሳ እየተካሄደ ሳለ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ለቦርዲንግ የሰዓቱን ተመን ግማሽ መክፈል ጀመረ። ደግነት ነው ብልጠት፣ ፍርዱ የእናንተ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካን ኤርላይንስ አባላት በ87 በመቶ ድምፅ ያጸደቁት ውልም የቦርዲንግ ክፍያ ገብቶበታል፤ ሲፈረም እስከ 20.5 በመቶ የሚደርስ ጭማሪም ነበረው።

ሒሳቡን እንሥራው። የሰዓት ክፍያሽ 40 ዶላር ቢሆንና ቦርዲንጉ 40 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በግማሽ ተመን 13 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው። በቀን ሦስት አጫጭር በረራ ያላት ልጅ 40 ዶላር ታገኛለች፣ የአንድ ሙሉ ሰዓት። ውቅያኖስ አቋርጣ አንድ ረጅም በረራ የምትሠራዋ ግን አሥራ ሦስቷን ብቻ ይዛ ትገባለች። ስለዚህ የቦርዲንግ ክፍያ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አጭር መስመር የሚሠሩትን ነው። ረጅሙን መስመር በሲኒየሪቲ፣ ማለትም በአገልግሎት ዘመን ቅድሚያ፣ መርጠው የያዙት አንጋፋዎች «ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። አንድ ማኅበር ውስጥ ሆነው ስለ አንድ አንቀጽ ሁለት ዓይነት ድምፅ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የካናዳዎቹስ? አድማ መትተው አልነበረም?

መትተዋል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም የእነሱን ነው የወደድኩት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2025 ከ10 ሺህ በላይ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ሥራ አቆሙ። ዋናው ጥያቄያቸው ያልተከፈለበት የምድር ሥራ ነበር። መንግሥት በዚያው ዕለት በሥራ ሕጋቸው አንቀጽ 107 ጉዳዩ ወደ አስገዳጅ ግልግል፣ ማለትም ሦስተኛ ወገን ወደሚወስንበት መንገድ፣ እንዲሄድ አዘዘ። ማኅበሩ «አንመለስም» አለ። ኦገስት 19 ከኩባንያው ጋር ተስማሙ።

የተስማሙበትን ልብ በሉ። በጠባብ (አንድ መተላለፊያ ባለው) አውሮፕላን 60፣ በሰፊው (ሁለት ባለው) 70 ደቂቃ የምድር ሥራ ይከፈላል። መነሻው የሰዓቱ ተመን 50 በመቶ ነው፤ በየዓመቱ አምስት አምስት እየጨመረ ይሄዳል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ግማሹን ተቀብለው «ሌላውን በሚቀጥለው ድርድር» ብለው አልወጡም፤ ደረጃውን አብረው አስጽፈዋል። ቀጣዩ ጭማሪ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ትግል ሳያስፈልገው በቀኑ ይደርሳል።

ከዚያ ለአባላቱ ድምፅ የቀረበው የደመወዙ ክፍል ብቻ ነበር፤ 99.1 በመቶው እምቢ አሉ። በዚህ ዘመን ይህን ያህል ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ እስቲ አሳዩኝ! ቢሆንም ዳግም አድማ አልነበረም፤ የደመወዙ ክፍል ወደ ሽምግልናና ግልግል እንዲሄድ አስቀድመው ተስማምተው ስለነበር ሌላው ውል ጸንቶ ቀረ።

እኛስ አድማ ብንመታ?

አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን በስም ጠርቶ ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው አገልግሎቶች መካከል አስገብቶታል፤ ከመብራት፣ ከውሃ፣ ከሆስፒታልና ከእሳት አደጋ ጋር። ክርክሩ በአስማሚ ካልተፈታ ወደ ወሳኝ ቦርድ ነው የሚሄደው። የዓለም ሥራ ድርጅት ባለሙያዎች አየር ትራንስፖርት እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ደጋግመው ተችተዋል፤ ሕጉ ግን እስካለ ድረስ ሕግ ነው፣ ማንም «ግድ የለም» ቢላችሁ አትስሙት።

አሜሪካም ቢሆን ልቅ አይደለም። እዚያ የሚገዛቸው እ.ኤ.አ. በ1926 ለባቡር ሠራተኞች የወጣና በ1936 አየር መንገዶችን የጨመረ ሕግ ነው። መጀመሪያ የፌዴራሉ የሽምግልና ቦርድ «ከዚህ በላይ መሸምገል አልችልም» ብሎ ሊለቃቸው ይገባል፤ ከዚያ የ30 ቀን ማብረጃ አለ፤ ከዚያም ፕሬዚዳንቱ ሊገባበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካን ኤርላይንስ አስተናጋጆች ለታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን ሲመቱ ክሊንተን ገብተው በአምስተኛው ቀን ወደ ግልግል ወሰዱት። ስለዚህ «እነሱ አድማ አላቸው፣ እኛ የለንም» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ለእኛ ግን መምታት ካልተቻለ ያለን አቅም በሙሉ የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው። አንቀጹ በደንብ ካልተጻፈ ቦርድ ፊት የምትይዙት ነገር የለም።

እኔ ከባንክ ነኝ። የእነሱ ውል አሮጌው ይቀጥላል አሉ። የእኛ አገሩስ?

ጥሩ ጠየቁ፤ እዚህ ላይ ብዙ የማኅበር አመራር ይሸወዳል። በእኛ አዋጅ የውሉ ዘመን ከማብቃቱ ሦስት ወር በፊት ድርድር መጀመር አለበት። ዘመኑ ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ካልተቋጨ ግን የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ ሥራ ያቆማሉ። አሜሪካ ውስጥ መጓተት ደመወዙን ያለበት ላይ ያቆመዋል፤ እዚህ ደግሞ ያገኙትንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ «ቀስ ብለን እንደራደራለን፣ ምን ያስቸኩላል» የሚል አሠሪ ሲገጥምዎ ቀኑን በደብዳቤ ይያዙት፣ ደብዳቤውም ቁጥርና ማኅተም ይኑረው። በቃል ተነጋግረናል ማለት ኋላ ማስረጃ አይሆንም።

በሁለት በረራ መካከል ያለው ዕረፍት በውል ነው ወይስ በሕግ?

ወለሉ በሕግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣችው ደንብ የማይቀነስ 10 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ለአስተናጋጆች ግዴታ አድርጋለች፤ ከዚያ በፊት 9 ነበር፣ ወደ 8ም ይወርድ ነበር። ሆቴል መድረሻውን፣ መታጠቢያውን፣ መመለሻውን ስትቀንሱ ስምንቷ ሰዓት ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደምትሆን የበረረ ያውቃል። ከወለሉ በላይ ያለው ሁሉ የውል ጉዳይ ነው።

የወሊድ ፈቃድስ?

እዚህ ላይ እንኳን እኛ እንበልጣለን። አዋጃችን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚያስገድደው እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ፣ ያውም ያለ ክፍያ ነው። ለዚህ ነው የሳውዝዌስት አየር መንገድ አስተናጋጆች እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቁት ውል ውስጥ የተከፈለ የወሊድ ፈቃድ ሲገባ እንደ ትልቅ ድል የተቆጠረው። እነሱም ቢሆኑ የመጀመሪያውን ረቂቅ በ2023 መጨረሻ ጥለው ነው ሁለተኛው የመጣላቸው።

ስታንድባይ ላይ ያለ፣ ጥሪ የሚጠባበቅ ሰው ምን ይከፈለዋል?

አሜሪካ ሪዘርቭ ይሉታል። ለወሩ የተረጋገጠ የሰዓት መጠን አለ፤ ቢጠሩሽም ባይጠሩሽም ይከፈላል። ከመጠኑ ይልቅ መጠየቅ ያለበት «ከተጠራሁ በስንት ጊዜ ውስጥ ኤርፖርት መድረስ አለብኝ?» የሚለው ነው። ሁለት ሰዓት ከተባለ ቤትሽን የሚመርጥልሽ ኩባንያው ነው ማለት ነው፤ ከቦሌ ርቀሽ ርካሽ ቤት መከራየት አትችዪም።

ረቂቅ ሲደርሰኝ ከየት ልጀምር? ስልሳ ገጽ ማን ያነባል?

የደመወዝ ሠንጠረዡን መጨረሻ አንብበው። አመራሩ ራሱ እሱን በትልቁ አሳትሞ ያሳይሃል። አንተ ትርጓሜው ክፍል ላይ ጀምር፦ «የሥራ ሰዓት» ማለት ከመቼ እስከ መቼ ነው? ሪፖርት ካደረግክበት ነው ወይስ አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰበት? በረራ ቢሰረዝ የጠፋው ሰዓት ይቆጠርልሃል? «አሠሪው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው» የሚል ሐረግ ያለበትን ሁሉ በእርሳስ አስምርበት፤ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሐረግ ከፊቱ ያለውን መብት ሊበላው ይችላል። ቀጥሎ ከአሮጌው ውል ጋር አስተያየውና የጠፋውን ፈልግ። የተጨመረውን ሁሉም ይነግርሃል፣ የተሰረዘውን የሚነግርህ ግን የለም። በመጨረሻ አባሪ ደብዳቤዎቹን እይ። ጠረጴዛው ላይ ያልተስማሙበት ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ተጣጥፎ የሚገኘው። ስልሳውን ገጽ ብቻህን አታንብብ፤ አራት ሆናችሁ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ገጽ ተካፈሉ፣ ከዚያ ተገናኝታችሁ ተነጋገሩበት።